መምህር እንድሪስ ያመኑት ጥፋት

የቅሬው ጠሪ ሲጮህ በሐይቅ ከተማ ገበያ ጫፍ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ የቆርቆሮ ምስማር እያስመዘንሁ ነበር። ቅሬ የቀብር ማኅበራችን ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ይገባበታል፣ ጠሪውም ለሁሉም እኩል ይጮሃል።

«መምህር እንድሪስ ወደ አኼራ ሄደዋል! ቀብራቸው ዛሬ ከዙሁር በኋላ አምባሰል፣ በአባታቸው አገር ነው! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!» አለና ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ።

«የትኛው እንድሪስ ነው?» አለች ከጎኔ ቆማ ማጠፊያ የምትመርጥ ሴት።

«ያ ያመነው ነዋ» አላት ባለ ሱቁ፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ።

«ውይ፣ ያመነው? አይ እንግዲህ፣ አላህ ይማረው።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ምስማሬን እዚያው ትቼ ሄድሁ።

ስማቸው እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሐይቅ ውስጥ እንድሪስ የሚባል ብዙ ነው፤ አናጢው እንድሪስ አለ፣ ረጅሙ እንድሪስ አለ። እሳቸው «ያመነው እንድሪስ» ናቸው። ምን እንዳመኑ ግን እንዲህ ብለው ከሚጠሯቸው መካከል በትክክል የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እኔ አውቃለሁ። ሲያምኑ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ ከትልቁ ድርቅ ጥቂት ቀደም ብሎ። እኔ በአካባቢው ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ስቶር ውስጥ ከተከመሩ አሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ነው ያነበብሁት። ብዙ አልናገርም። ዕቃ ከቦታው ከጠፋ ግን እስካገኘው እህል አይወርድልኝም።

መምህር እንድሪስ ወደኛ የመጡት አዲስ አበባ ከዩኒቨርሲቲ አስተማሪነት ነው። ውጭ አገር ተምረው በፊዚክስ ዶክተር የተባሉ ሰው ናቸው። አምባሰል ያሉት አባታቸው ሸህ ሙሄ አርጅተው ዓይናቸው ስለጠፋ፣ «አገሬ አጠገብ መድቡኝ» ብለው ራሳቸው ጠይቀው መጡ። ይህን የሰማ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዩኒቨርሲቲ በፈቃዱ የሚወርድ ሰው ታይቶ አይታወቅማ። በመጡ በሳምንታቸው ደግሞ ዶክተር መባላቸውን የሰሙ በሽተኞች ደጃቸውን ሞሉት። «መምህር በሉኝ፤ ዶክተር ካላችሁኝ መርፌ መውጋት ልማር ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ መምህር ሆኑ።

ምርምራቸውን አልተዉም። ቤታቸው ጠያቂ ስለሚበዛበት ከክፍል በኋላ እንዲሠሩበት ስቶር ውስጥ፣ በሚዛኖቹና በባዶ ጠርሙሶቹ መካከል አንዲት ጠረጴዛ ሰጠኋቸው። ወረቀት ብርቅ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ለአንድ መልስ ስንት ገጽ የሚፈጁ ሰው ናቸው። ስለዚህ ልጅ ሳሉ አባታቸው ዘንድ ቁርኣን የተማሩበትን ዓይነት ሉህ ለአናጢ አሠሩ። ሉህ ደረሳ የሚባሉት የቁርኣን ተማሪዎች የሚጽፉበት የለሰለሰ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም በመቃ ብዕር ይጻፍበታል፣ ትምህርቱ ሲያልቅ በውሃ ይታጠባል። መምህር እንድሪስ አራት ሉህ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገሩ ያሰላሉ። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ወደ ወረቀት ገልብጠው፣ ሉሁን ራሳቸው ቧንቧ ሥር ያጥቡታል።

«ይህን ሁሉ ደክመው ያጥቡታል?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ደረሳ ሳለሁ ትምህርቱ ልቤ ካልገባ አባቴ ሉሁን አያሳጥቡኝም ነበር» አሉ። «የታጠበ ሉህ ማለት የጨረስሁት ማለት ነው።»

የሚሠሩት ነገር ስለ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ወራት ፈጀብኝ።

«ስለ ባዶ» አሉኝ።

«ስለ ባዶ ምን?»

«ስለ ባዶ ብቻ። አንተ ንብረት ክፍል ነህ፤ ባዶ ስቶር ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምንም ዕቃ የሌለበት።»

«ማን ቆጥሮ?»

«እኔ።»

«አንተ ቆመህ ስትቆጥር ምንም የለም። ሌላ ቆጣሪ ደግሞ ፍጥነቱን እየጨመረ፣ እየሮጠ ቢቆጥረውስ? እሱ ዕቃ ያገኝበታል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።»

«ኧረ መምህር፣ ይህን ኦዲተሮቹ እንዳይሰሙት!»

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲስቁ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ያሻሻሉ፤ ሲያስቡም እንደዚያው። ሁልጊዜ ቀለም የነካው ጣት ነበራቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ይነግሩኝ ነበር። የኳንተም መስክ ትምህርት ባዶ ቦታ እንኳ ዝም ብሎ አይተኛም፣ ዘወትር ይንቀጠቀጣል ይላል። ጄኔራል ሬላቲቪቲ የሚባለው ትምህርት ደግሞ ከባድ ነገር ባለበት ቦታና ጊዜ ራሳቸው ይጎብጣሉ ይላል። ሁለቱን በአንድ ጎጆ ያኖረ ሰው በዓለም ላይ እስካሁን የለም። የእሳቸው ሥራ በሁለቱ ድንበር ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ማሳ ናት፦ በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ በወደቀ ኮከብ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ ምን ያህል ጉልበት ይዟል? ቢደምሩት ማለቂያ የሌለው ቁጥር ይመጣል። ከዚያ ላይ ሌላ ማለቂያ የሌለው ቁጥር በጥንቃቄ ይቀንሳሉ። የምትተርፈው ትንሽ ቁጥር መልሷ ናት። ከፊቷ የመደመር ምልክት ካለ አንድ ታሪክ ነው፤ የመቀነስ ምልክት ካለ ታሪኩ ይገለበጣል።

እሑድ እሑድ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደውን የእግር መንገድ ይዘን በሐይቁ ዳር እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ዓሣ አጥማጁን አያ ይመርን አስቁመው፣ «አያ ይመር፣ ከላይ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ውሃ እዚህ ይገባል። ከዚህስ በየት ይወጣል?» ብለው ጠየቁት።

«እኔ የማውቀው ዓሣው በየት እንደሚወጣ ነው» አለ አያ ይመር። «ይገዛሉ ወይስ ይጠይቃሉ?»

ገዙ። መንገድ ላይ ዓሣውን በገመድ አንጠልጥለው፣ የትም መውጫ የሌለው ሐይቅ በፀሐይ ቀስ በቀስ እንደሚጎድል ሁሉ፣ ገብቶ የማይወጣበት የሚባለው የወደቀ ኮከብም ቀስ በቀስ ሳይጎድል እንደማይቀር ነገሩኝ። «ግን ሐይቁ ምሳሌ ነው» አሉ ወዲያው፤ «ምሳሌ በሩ ድረስ ያደርስሃል እንጂ አያስገባህም።»

ክፍል ውስጥ የታወቁበት አንድ አነጋገር ነበራቸው። ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሲያመጣ፣ «ይህ አንድ ነው። አሁን በሌላ በር ግባ» ይሉታል። በሁለተኛ መንገድ ተሠርቶ ያው ቁጥር ካልመጣ ማርክ አይሰጡም። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተሳስተው ጻፉ፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አረመቻቸው። ስህተቱን ከበቡና ከጎኑ «የእኔ» ብለው ጻፉበት፤ እስከ ማታ ድረስም እንዳይጠፋ አዘዙ። ርዕሰ መምህሩ ሰምተው መጡ።

«መምህር፣ ተማሪ ይንቅዎታል እኮ!»

«ይናቀኝ» አሉ። «ፊዚክሱን ካልናቀ ምን ቸገረኝ?»

እንግዲህ የዚያች ጠባብ ማሳ ሥራ በውጭ አገር መጽሔት ታትሞ ነበር። ጽሑፉን ያነበቡ ሰዎች አውሮፓ ውስጥ ካለ የምርምር ተቋም ለአንድ ዓመት ከእኛ ጋር ይሥሩ ብለው ጠሯቸው። መምህር እንድሪስ ሲደሰቱ ያየሁት ያኔ ነው። «ከሉህ ጋር የምነጋገረውን ተነጋግሬ ጨርሻለሁ» አሉኝ፤ «አሁን የሚመልስልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ይህ ካለፈኝ ሌላ አይመጣም።» ዕድሜያቸው ከአርባ አልፎ ነበር። የመውጫ ፈቃድ ለማግኘት ግን ወረቀቱ በየቢሮው ሲንከባለል ከዓመት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ የቀረችው የእኛ የውይይት ክበብ ድጋፍ ብቻ ሆነች።

የውይይት ክበቡ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰባል። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋር ስለሆነ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ከውይይቱ በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ይባላል፤ እያንዳንዱ አባል ተነሥቶ ድክመቱን ይናገራል። ይህን ነገር እንዴት እንደምንወጣው አንድ ዘዴ ነበረን። ድክመቶቹን በተራ ተከፋፍለናቸው ነበር። አንድ ሳምንት አንዱ ያረፍዳል፣ በሚቀጥለው ሌላው። አንዱ የጥናት ጽሑፍ ሳያነብ ይመጣል፣ አንዱ በችግኝ ተከላው ይደክማል። «ግለኝነት አልፎ አልፎ ያጠቃኛል» የምትለው ከበድ ስለምትል ለነባር አባላት ብቻ ነበረች። ሐሙስ ጠዋት በመምህራን ማረፊያ፣ «የዛሬው አርፋጅ ማነው?» ይባላል፤ «እኔ ነኝ፣ ባለፈውማ ደካማ ነበርሁ» ይባላል፤ ይሳቃል። የክበቡ ሰብሳቢ ጓድ አሰፋም ያውቃል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማንም ሳይጎዳ መዝገቡ እንዲሞላ የሚፈልግ ሰው ነበር።

መምህር እንድሪስን ትልቅ ሰው ናቸው ብለን ከተራው ውጭ አድርገናቸው ነበር። ድጋፉ በሚሰጥበት ሐሙስ ግን አንድ ነገር ማለት ስላለባቸው ጓድ አሰፋ ራሱ፣ «የችግኟን ይበሉ፣ ቀላል ናት» ብሎ ሰጣቸው። በዚያው ሳምንት የማርፈድ ተራ የእኔ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከክፍል በኋላ እንደ ልማዳቸው ስቶር ገብተው ይሠሩ ነበር። እኔ ቤከር የሚባሉትን የላቦራቶሪ ብርጭቆዎች እያጠብሁ ነው። የመቃው ጭረት ድንገት ቀጥ አለ። ዞር ብዬ ሳይ ከሦስተኛው ሉህ ፊት ቆመዋል፤ ብዕሩ እንደተነሣ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፤ ሰው ፊት ልብሱ የወለቀበት ሰው እንዲህ ይሆናል። ከዚያ ሉሁን ሳያጥቡ ወደ ግድግዳው አዞሩት፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና፣ «ደህና ዋል» ብለው ወጡ።

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች ተነሥተው አንዱ አላነበበም፣ አንዱ ደከመ።

«ጓድ እንድሪስ፣ ተራው የርስዎ ነው» አለ ጓድ አሰፋ። «በችግኝ ተከላው ረገድ…» ብሎ እንደ አጉራሽ ጀመረላቸው።

ተነሡ። «በችግኙ የምለው የለኝም፤ የደረሰኝን ተክያለሁ፣ ጸድቋልም። ግለ ሂስ ግን አለኝ።»

ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ያሳተምሁት ጽሑፍ ስህተት ነው» አሉ። «ከአንድ መስመር ወደ ሚቀጥለው ስሻገር አንዲት የመቀነስ ምልክት ጥያለሁ። በሁለት መንገድ አረጋግጫለሁ ብዬም ጽፌ ነበር፤ ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ያችኑ መስመር ተበድሮ ስለነበር ሁለተኛ አይባልም። መልሱ የተገላቢጦሽ ነው። የውጭዎቹ ሰዎች የጠሩኝ በዚያ ጽሑፍ ነው፤ እናንተም ዛሬ ልትደግፉኝ ያሰባችሁት በዚያው ነው። ሳታውቁ እጃችሁን እንዳታወጡ ብዬ ነው የምነግራችሁ።»

ከኋላ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ጓድ አሰፋ ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«ጓድ እንድሪስ፣ ይሄ እኮ የሳይንስ ጉዳይ ነው። እኛ ስለ አብዮታዊ ዲሲፕሊን ነው የምንነጋገረው።»

«ድክመትህን ተናገር ተባልሁ፤ ድክመቴ ይህ ነው።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ከውጭ ጽፎ የተቃወመዎት የለም?»

«የለም።»

«ታዲያ ማን አስገደደዎ!» አለ ጓድ አሰፋ። የቁጣ ቃል ነው፤ ድምፁ ግን የልመና ነበር።

ይሄኔ የታሪክ አስተማሪው ብድግ አለ። ለክበቡ ምክትልነት የሚፈልግ ሰው ነው። «ጓድ ሰብሳቢ! ሰፊው ሕዝብ አስተምሮት ለባዕድ መጽሔት የተሳሳተ ነገር አሳትሞ አገሩን ያስነቀፈ ሰው 'አንዲት ምልክት' ብሎ ሊያቃልልብን አይገባም። አንዲት ምልክት ያመነ ሰው፣ ያላመነው ስንት ይሆን?»

ይህን ጥያቄ ሌላ አገር ያለ ሰው ላይረዳው ይችላል። እኛ ግን ወዲያው ገባን። ሁላችንም የምናምነው ከእውነተኛው ያነሰውን ነው፤ ማርፈድን ያመነ ሰው ምናልባት ከሥራ ይጠፋል፣ አላነበብሁም ያለው ምናልባት የተከለከለ ሬዲዮ ያዳምጣል ብለን በልባችን እናባዛለን። የሰውን ኑዛዜ በራሳችን ቁና መስፈር ለምደናል። እንግዲህ ማንም የማያውቀውን፣ ማንም የማይገባውን ነገር ተነሥቶ ያመነ ሰው ከበስተኋላው ምን ቢኖረው ነው? አዳራሹ ውስጥ ይህ ሐሳብ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲሄድ ይታየኝ ነበር።

የታሪክ አስተማሪው ሐሳብ አቀረበ፦ ጓድ እንድሪስ ጽሑፉ ስህተት መሆኑን ስላመኑ፣ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድጋፉ ይቆይ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። እጆች ወጡ። እኔም አወጣሁ፤ ከጆሮዬ በላይ አላለፈም፣ ግን ወጥቷል። ቀና ስል የመምህር እንድሪስም እጅ ወጥቷል፤ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ተማሪ።

«እርስዎ እንኳ… አይጠበቅብዎትም» አለ ጓድ አሰፋ።

«አባል አይደለሁም እንዴ? ጽሑፉ ስህተት ነው፣ ይጣራ ነው የተባለው። እውነት ነው።»

«ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተዓቅቦ? የለም።» ጓድ አሰፋ አንገቱን ደፋ። «በሙሉ ድምፅ።»

ከዚያ ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ ታለፈ። ቀጣዩ እኔ ነበርሁ። ተነሣሁ። ሌላ ነገር ልናገር አስቤ ነበር፤ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም። አፌ የተሰጠውን ተናገረ።

«እኔ… ስብሰባ ላይ አረፍዳለሁ።»

በሩን የከፈትሁት እኔ መሆኔን የማያውቅ በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ማንም አልሳቀም። መምህር እንድሪስ ዞር ብለው አዩኝ። መልሱን ይዞ የመጣ ተማሪን እንደሚያዩት፣ የሚቀጥለውን እየጠበቁ። የሚቀጥል ነገር አልነበረኝም፤ ተቀመጥሁ።

ሲወጡ ተከተልኋቸው። «መምህር፣ ዝም ቢሉ ኖሮ እዚያው ሄደው ያስተካክሉት አልነበረም?»

«አላሰብሁትም መሰለህ? ከማክሰኞ ጀምሮ ሌላ ያሰብሁት ነገር የለም» አሉ። «በደረስሁ ቀን ተቀብለው ቡና ጋብዘው፣ 'ከዚያ በኋላ ምን ላይ ደረስህ?' ይሉኛል። ምን እላቸዋለሁ?» ጥቂት ሄደው ቆሙ። «አፍሬያለሁ። ያፈርሁት በምልክቷ ነው፤ በመናገሬ አይደለም። ሁለቱ እንዳይምታቱብህ።»

እኔ ላይ ተምታተውብኛል፤ እሳቸው ይህን ሲሉኝ ያፈርሁት እጄን በማውጣቴ ይሁን ከእሳቸው ጋር ሰው እያየኝ በመሄዴ መለየት አልቻልሁም።

በሳምንቱ ኮሚቴ መጥቶ ስቶሬን ፈተሸ። «አንድ ነገር አምኗል» ከተባለ የላቦራቶሪ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነው። አንድ በአንድ ቆጠርሁላቸው። አንዲት የመስታወት ቱቦ አልጎደለችም፤ ፈርመው ሄዱ። ከተማው ግን አላመነም። «ጎበዝ ነው ወላሂ፣ ሲሰርቅ እንኳ አያጎድልም!» እየተባለ ሻይ ቤት ይሳቃል። እኔም እዚያው ሻይዬን እጠጣለሁ። ተነሥቼ «ቆጥሬዋለሁ፣ ምንም አልጎደለም» ያልሁበት ቀን የለም። ማንም አልጠየቀኝም እያልሁ ነበር የምኖረው።

ጉዳዩ ሳይጣራ ቀረ። የአውሮፓው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። መምህር እንድሪስ አንድ ገጽ ማረሚያ ጽፈው ለመጽሔቱ ላኩ፤ ታትማ ስትመጣ እየሮጡ ስቶር ገብተው አሳዩኝ፣ ያን ጊዜ ያ ወደ ግድግዳው የዞረው ሉህ ታጠበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ አምባሰል፣ አባታቸው ሰፈር ወዳለች ትንሽ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ሉሆቹን በአህያ ጫኑላቸው። አልፎ አልፎ ገበያ ሲመጡ ቆመን እናወራለን፤ ሰዎች አልፈውን ሲሄዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እሳቸው አያደርጉም።

አምባሰል የደረስሁት ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው። ወንዶቹ ደጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዱአ ይደረጋል። ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። እህታቸው ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አንተ የስቶሩ ልጅ ነህ አይደል? ያነሣህ ነበር።»

«ነኝ እታለም። አላህ ያጽናሽ።»

«አሚን። ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዛሬ ካልጠየቅሁህ አልጠይቅህም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን ወስዶ ነበር?»

«ማን?»

«እንድሪስ። ከትምህርት ቤቱ። እሱን ስንጠይቀው 'አጥፍቻለሁ፣ አምኛለሁም' ይለን ነበር። ምኑን ስንለው ምልክት ምናምን ይለናል። አባባም ሳያውቁት ሞቱ። እኔ አፉ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን የሰው ሐቅ ተሸክሞ አላህ ፊት እንዳይቆም የወሰደውን ልመልስለት ነው።»

ሁሉንም ነገርኋት። ስለ ሉሁ፣ ስለ ምልክቷ፣ ስለ ተራችን፣ ስለወጡት እጆች። የእኔም እጅ እንደነበረበት ነገርኋት። በሕይወቴ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ዘሀራ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ራሴን ዳበስ አደረገችኝ።

«አላህ ይስጥህ፤ ደግ ልጅ ነህ። የሙትን ነውር መሸፈን እንዲህ ነው።»

«አልሸፈንሁም! እውነቱን ነው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አብሽር።»

«ስቶሩን ቆጥሬዋለሁ!» አልሁ ጮክ ብዬ። «ሚዛኖቹ አሉ፣ ማግኔቶቹ አሉ፣ ሌንሶቹ አሉ፣ ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር…» ሰው ሁሉ ዞረ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ጉልበቴን ያዝ አድርገው፣ «በቃ ልጄ፣ ሰማን። ሙት የሚነሣው በበጎ ነው፤ አንተም ያደረግኸው ይህንኑ ነው» አሉኝ።

ከአርባው በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስቶር ድረስ መጥቶ ሰው ይፈልግሃል አለኝ። ስወጣ ዘሀራ በር ላይ ቆማለች። ከአምባሰል በእግሯ ነው የመጣችው፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ነው። ቀይ ጊደር ይዛለች።

«የወሰደውን ስላልነገርኸኝ ልኩን አላውቅም» አለች። «ይቺ ትበቃለች?»

«እታለም ዘሀራ፣ ምንም አልጎደለም ብዬሻለሁ እኮ። ይዘሻት ተመለሺ።»

ጊደሯን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ፊቷ ጥቁር አለ።

«አነሰች? እናቲቱም አለች፤ ነገ እሷን እነዳታለሁ። ከእሷ ሌላ ግን የለኝም።»

«አላነሰችም! የሚመለስ ነገር የለም ነው የምልሽ።»

«እንግዲያው ትልቅ ነገር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትልቅ ነገር ባይሆን እንዲህ አትሸሽገኝም ነበር።»

አይደለም ባልሁ ቁጥር የወንድሟ ጥፋት እያደገ፣ በረቷ እየተራቆተ ይሄዳል። በሌላ በር ልግባ ብዬ ፈለግሁ፤ ሌላ በር አልነበረም። እሷ ዓይኔን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«ትበቃለች» አልኋት።

«ሐቁ ወረደለት?»

«ወረደለት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠች። መረቀችኝ፣ ትምህርት ቤቱንም መረቀች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አምባሰል መንገድ ስትዞር እርምጃዋ የልጅ ነበር። እኔ ገመዱን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ጊደሯን ከቀንዷ እስከ ጭራዋ አያትና፣

«አዪዪ» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «ለካ እውነት ነው።»